ነጭ ጋውን ማጀት ሲገባ

ባለፈው እሁድ ከልጆችዎ ጋር ወጣ ብለው ተመግበው ከሆነ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቤቱን በምን መረጡት? የልጆች መጫወቻ ስላለው ነው? መኪና ማቆሚያው ስለሚመች? ወይስ ጓደኛዎ የለጠፈችው የክትፎ ፎቶ አማልሎዎት? የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ሰዎች አንድን ምግብ ቤት ለምን እንደሚመርጡ ማወቅ እንጀራዬ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን «ማጀቱን አይቼ ነው የመረጥኩት» ያለ አንድም ደንበኛ አልገጠመኝም። እኔም ራሴ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዓይኔን የገለጠችው ታናሽ እህቴ ናት። የሕክምና ተማሪ ነች፤ አምስተኛ ዓመት። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ትምህርት ቤቷ ለመስክ ልምምድ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክፍለ ከተማ መደባት፤ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና ከሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ጋር 4 ሳምንት እንድትቆይ። ወሬውን የነገረችን ምሳ ላይ ነበር። «ጓደኞቼ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገቡ እኔ የሆቴል ሽንት ቤት ልቆጥር ነው» አለች ፊቷን አጨማድዳ። አባታችን ሳቀ። እናታችን ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ያስተማረችው ሐኪም እንድትሆን እንጂ ሳኒተሪ እንድትሆን አልነበረም።

እናቴ ትሙት፣ «ሳኒተሪ» የሚለው ቃል ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነበር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ገጠር እንዲወርዱ። የታመመውን የሚያክም፣ እናትና ልጅን የሚከታተል፣ ከዚያም በሽታው የሚመጣበትን ውኃና ምግብ የሚመረምር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋምም ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ ነው ስሙን የተከለው። የዛሬዎቹ ሳኒተሪያኖች የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይባላሉ። እህቴን የተቀበላትም ከእነዚህ አንዱ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት የቀሩት፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» የሚለው ሰው ነው።

ከጓሮ መጀመር

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ያስተማራት ነገር አንድ ነው፦ በፊት ለፊት በር ገብተው ከጓሮ መጀመር። የምግብ ቤት ባለቤት ሁልጊዜ ተቆጣጣሪን የሚወስደው ወደ ሳሎኑ ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ በግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የብቃት ማረጋገጫ። ጋሼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ያልፋል። ከዚያ ወደ ውኃ ታንከሩ። ከዚያ ወደ እጅ መታጠቢያው፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ግምጃ ቤቱ። ምድጃውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። «እሳት ያለበት ቦታ ብዙም አያሰጋም» ይላል፤ «የሚያሰጋው እሳት ከሌለበት ነው።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ገና ሲያያቸው «ጤና ጥበቃ መጣ!» ይልና ወደ ውስጥ ይሮጣል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ቆብ ያደርጋል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሊፍት ሲወጣ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጋሼ ግን ቆብ ስለ ማድረግ አንድም ቃል አይናገርም። እጅ መታጠቢያው ጋ ይሄድና ሳሙናውን በጣቱ ይነካል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ሰው ሥጋ ሲከትፍ፣ ሽንኩርት ሲልጥ የዋለበት ማጀት ነው። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ ቅጹ ላይ ይጽፋል። ባለቤቱ «ሳሙና እኮ አለን!» ይላል። ሳሙና እንዳለማ ጋሼም አይቷል።

በቦርሳው ውስጥ የባትሪ መብራት፣ የውኃ ክሎሪን መለኪያና እንደ ሹል እስክሪብቶ ያለ ቴርሞሜትር አለ። ቴርሞሜትሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ባለ ሥጋ ላይ ይሰካል። ምግብ ላይ የሚራቡት ተህዋስያን ደኅና የሚመቻቸው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው፤ ስለዚህ ቀዝቃዛው ከ5 በታች፣ ትኩሱ ከ60 በላይ መቆየት አለበት። የበሰለ ምግብ ክፍል ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱ ቤት ቴርሞሜትሩ 13 አለ። ባለቤቱ ማሽኑ አዲስ እንደሆነ፣ በስንት ብር እንደገዛው አስረዳ። ጋሼ «ትናንት መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ?» ብሎ ጠየቀ። እህቴ በማስታወሻዋ ላይ ይህችን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስምራባታለች። መጽሐፏ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ማጀት መምራት ቀላል አይደለም፤ ጋሼም ይህን አይክድም። ጄኔሬተሩ የሳሎኑን አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ እንደሚያስነሳ ሲያይ ነው ድምፁ የሚለወጠው።

ቁጥጥሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። «ምሳ ሳትቀምሱማ አትሄዱም!» በአገራችን ይህን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ቡና እምቢ ማለት ደግሞ ይብሳል። ጋሼ ግን ከቤቱ በፔርሙዝ የያዘውን ሻይ ሜዳ ላይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። እህቴ በመጀመሪያው ሳምንት በእፍረት ልትሞት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የራሷን ፔርሙዝ ይዛ ሄደች።

ስለ እነዚህ ማጀቶች የማወራዎት ላስፈራራዎት ብዬ አይደለም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ በዓለም ላይ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ምክንያት ይታመማል፣ 420 ሺህ ሰው ይሞታል ነው የሚለው። ከሟቾቹ 125 ሺህ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕጉ በእኛም አገር አለ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተበላሸና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሕጉን በቦርሳው ይዞ ከማጀት ማጀት የሚዞረው ግን በታክሲ የሚሄድ ጋሼ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ላለፉት 8 ዓመታት ለምግብ ቤቶችና ለካፌዎች በርካታ ብሮሹርና ማስታወቂያ ጽፌአለሁ። «ንጽሕናው የተጠበቀ፣ ለቤተሰብ የሚመች» የምትለዋን ሐረግ ስንት ቦታ እንደለጠፍኳት አልቆጥረውም። አንድም ጊዜ በማጀቱ በር አላለፍኩም። እህቴ ስንቱን ማጀት አይታ ስትመጣ «የትኛው ነው? ስሙን ንገሪኝ፤ ደንበኛዬ ይሆናል እኮ» እያልኩ ለመንኳት። አልነገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ «ስሙን ብነግርሽ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ይመስልሻል» አለችኝ። ተቀየምኳት። አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል፤ እውነቷን ግን ነው።

«አይንገሩብኝ»

ሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን ነው። አንድ ደኅና ስም ያለው፣ ልጆች የሚበዙበት ምግብ ቤት። ጋሼ ሠራተኞቹን አሰለፈና የጤና ምርመራ ማስረጃቸውን አየ። ሁሉም አላቸው፤ ማኅተሙም ቀኑም ልክ ነው። «የታመመ ሰው አለ? ተቅማጥ፣ ትውከት፣ እጁ ላይ ቁስል ያለበት?» ማንም አልተናገረም። ባለቤቷ አጠገባቸው ቆማለች።

ጋሼ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሰላጣ የምትከትፈዋ ልጅ እህቴን በነጭ ጋውኗ አይታ ተጠጋቻት። ዕድሜዋ 19 ወይም 20 ቢሆን ነው። «ዶክተር» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ካስቀመጠኝ አራት ቀኔ ነው። መድኃኒት ይጻፉልኝ። ግን አይንገሩብኝ፤ ከቀረሁ የቀኑ አይከፈለኝም።»

እህቴ ገና «ዶክተር» አይደለችም፤ መድኃኒት መጻፍም አትችልም። ይህን እንኳ ለማስረዳት ጊዜ አልነበራትም። እስቲ በእርሷ ቦታ ይቁሙ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረችው የታማሚ ምሥጢር እንደ ራስ ምሥጢር ነው ተብሎ ነው። ያች ልጅ ደግሞ የነገረቻት ሐኪም ናት ብላ ነው። በሌላ በኩል በዚያች ልጅ እጅ የሚከተፈው ሰላጣ እሳት አይነካውም፤ እሁድ የሚመጡት ልጆች ይበሉታል። እህቴ ማታ ስትነግረኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእኔ የመጀመሪያ ምላሽ ምን እንደነበር ልደብቅዎ አልችልም፦ «እና ወዲያው አላስወጣችኋትም?» ነበር ያልኩት።

ያደረገችው እንዲህ ነው። ልጅቷን «ምሥጢርሽን ለባለቤቷ አልነግርም፤ ለጋሼ ግን መንገር አለብኝ፤ እርሱ እንዳትጎጂ መላ ያውቃል» አለቻት። ልጅቷ አለቀሰች። ጋሼ ሲሰማ አልተቆጣም፤ እንዲያውም የጠበቀው ይመስል ነበር። ባለቤቷን ጠራና ስለ ልጅቷ አንድም ቃል ሳያነሳ ስለ አሠራሩ ብቻ አወራት። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሠራተኛ ምግብ መንካት የለበትም፤ ሕመሙ ካቆመ በኋላም 48 ሰዓት መቆየት አለበት። ይህ ደግሞ የሚሆነው ሠራተኛው ሲነግርሽ ነው፤ የሚነግርሽም እንጀራውን ካላሳጣሽው ነው። «የሁለት ቀን ክፍያ ይሻልሻል ወይስ የ30 ልጆች ወላጅ በርሽ ላይ ተሰልፎ ማየት?» ባለቤቷ ተስማማች። በዚያው ቀን ሁሉንም ሠራተኞች ሰብስባ «የታመመ ይንገረኝ፤ አልቆርጥበትም» አለች። ልጅቷ እጇን አወጣች። ለጊዜው ነገሩ በዚህ አበቃ።

ማስረጃ የማያስረዳው

ቀናቸው ልክ የሆኑት የጤና ማስረጃዎች ታዲያ ምን ጠቀሙ? ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄአለሁ። የሰገራ ምርመራ የሚያሳየው በዚያ ቀን የተገኘውን ነው። ጥር ላይ ነጻ የሆነ ሰው ግንቦት ላይ ሊታመም ይችላል። ከዚያም የከፋው፣ ሳይታመም ተህዋሲውን የሚያስተላልፍ ሰው መኖሩ ነው። በሕክምና ታሪክ በጣም የታወቀችው ሜሪ ማለን የተባለች የኒው ዮርክ ወጥ ቤት ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የምትሠራባቸው ሀብታም ቤተሰቦች አንድ በአንድ በታይፎይድ ሲታመሙ እርሷ ግን ምንም አልነበረባትም። እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ ደሴት ላይ ተለይታ ተቀመጠች፤ በ1910 ዳግም ምግብ እንዳታበስል ቃል ገብታ ተለቀቀች። ልብስ አጣቢነት የሚከፈለው ትንሽ ነበር። ስሟን ቀይራ ወደ ማብሰል ተመለሰች፤ በ1915 የወሊድ ሆስፒታል ማጀት ውስጥ ተገኘች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1938፣ ደሴቱ ላይ ተለይታ ኖረች። እህቴ ይህን ታሪክ በክፍል ስትማር ስለ ባክቴሪያው ነበር የተማረችው። ጋሼ ደግሞ «ደመወዟን ቢያሟሉላት ኖሮስ?» ብሎ ጠየቃት።

ታይፎይድ ካነሳን አይቀር፣ በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ያልተባለ ሰው አለ? እኔ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ተብያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ከዚህ በፊት ተይዞ የዳነ ሰው ላይም ሊያሳይ ይችላል። የተሻለው የደም ካልቸር ነው። ሐኪምዎን ቢጠይቁ አይቆጣም።

እህቴ ወጥ ቤቴን ስትፈትሽ

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እህቴ እኔ ቤት መጣች። «ከጓሮ ልጀምር?» አለች እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አልቆየም።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁን አሸተተችና ወደ ቆሻሻ ጣለችው። ማድረቂያ ፎጣው ስንት ነገር እንደሚጠርግ ጠየቀችኝ፦ እጅ፣ ቢላ፣ ጠረጴዛ፣ የልጄን አፍ። መክተፊያዬ አንድ ነው፤ ሥጋም ሰላጣም እርሱ ላይ ነው። ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ጥሬ ሥጋው ከላይኛው መደርደሪያ ነው፤ ከሥሩ ያልተከደነ እርጎ። ደሙ ወዴት እንደሚንጠባጠብ መናገር አላስፈለጋትም። ከትናንት ማታ የተረፈው ወጥ ምድጃው ላይ ነው፤ «ጠዋት ይፍላል» ብለን የምንተወው። ማፍላቱ ጥሩ ነው፤ ግን አንዳንድ ተህዋስያን ሌሊቱን ሲራቡ ያመረቱት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ወጡን ሰፋ ባለ ዕቃ ገልብጦ ቶሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነው መፍትሔው።

የዶሮው ነገር ግን ከሁሉ ገረመኝ። እናታችን ያስተማረችን ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ መታጠብ አለበት ብላ ነው። ንጽሕና ነው የሚመስለን። እህቴ እንዳለችው የዶሮ ወጣችን ሰዓታት ስለሚንተከተክ ዶሮው ላይ ያለው ተህዋሲ ድስቱ ውስጥ ያልቃል። ስንቱን ጊዜ ስናጥበው የሚረጨው ውኃ ግን ማጠቢያው ላይ፣ አጠገቡ ለሰላጣ የተቀመጠው ቲማቲም ላይ ያርፋል። አባቶቻችን በበዓል ሰላጣ አይበሉም ነበር፤ እኛ ጨመርንበት። ልማዱን ለእናቴ ማስጣል አልችልም፤ አልሞክርምም። ባሕላችን ነው። ዕቃውን ዝቅ አድርጋ ሳትረጭ እንድታጥብ፣ ሰላጣው ከሌላ ቦታ እንዲከተፍ፣ ማጠቢያው በሳሙና እንዲፈገፈግ ግን ተስማምተናል።

ሰላጣው ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በከተማችን ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ብዙው በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ነው፤ ያ ወንዝ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ በድልድዩ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ሎሚና አቼቶ ላይ ብቻ አይመኩ፤ የአሜባንና የወስፋትን እንቁላል አያጠፉም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይቶ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ የተሻለ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ የሚላጠውን ወይም የሚበስለውን መስጠት። ወተት ከሰፈር ላም የሚገዙ ከሆነ ያፍሉት። አፍላቶክሲን የሚባለው፣ ከሻገተ የከብት መኖ፣ በተለይ በደንብ ካልተቀመጠ የኑግ ፋጉሎ ወደ ወተት የሚገባው መርዝ ግን በማፍላትም አይወጣም፤ እርሱን መቆጣጠር የሚቻለው ከመኖው ነው። ጥሬ ሥጋ ይተዉ ብዬ አልጽፍም፤ ማንም አይሰማኝም። የቄራ ማኅተም ያላየሁበትን ሥጋ ግን ጥሬውን አልበላም፤ ለልጄም አልሰጥም። የኮሶ ትል የሚይዘን ከዚያው ነው።

የልደቱ ነገር

ልጄ ባለፈው ኅዳር 4 ዓመት ሲሞላው ልደቱን ቤታችን አከበርን። ከሁለት ቀን በኋላ ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመረው። ሌሊት ሆስፒታል ገባን፤ ግሉኮስ ተተክሎለት አደረ። ከእንግዶቹ ልጆችም አምስቱ ታመሙ። እኔ ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም፦ ኬኩ ነው። የኬክ ቤቱን ስም በእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ባለቤቷ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳሁም።

እህቴ ያን ቅዳሜ ስለ ሰላጣ ከታፊዋ ልጅ ስትነግረኝ ቤት የምታግዘን ልጅ ዕቃ እያጠበች ትሰማ ነበር። ማታ ልጄ ሲተኛ ወደ ሳሎን መጣችና ቆመች። «እትዬ፣ በልደቱ ጊዜ እኔም አሞኝ ነበር» አለች። በልደቱ ዋዜማ ሌሊቱን ስትመላለስ ነው ያደረችው። ጠዋት ልትነግረኝ መጥታ ነበር፤ እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ 40 ሰው ጠርቼ። «ዛሬ ምንም ነገር እንዳትነግሪኝ» እንዳልኳት አስታወሰችኝ። እንዳልኳት እኔም አስታወስኩ። ሳንዱቹንና የፍራፍሬ ሰላጣውን የሠራችው እርሷ ናት።

እህቴን ጠየቅኳት። እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ፤ የማንም ሰገራ አልተመረመረም፤ ኬኩም ሊሆን ይችላል። ሰው ሁልጊዜ የሚከሰው መጨረሻ የበላውን ወይም ከውጭ የገባውን ነው፤ ብዙ ተህዋስያን ግን ከበሉት ከአንድ፣ ከሁለት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚያሳምሙት። በማግስቱ ለኬክ ቤቷ ባለቤት ደወልኩ። እስክጨርስ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። «በዚያ ወር አራት ትእዛዝ ተሰርዞብኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር» አለች። ግሩፑ ላይ የጻፍኩትን እንደገና ጽፌ አስተካከልኩ። ያነበበው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ የማርኬቲንግ ሰው ስለሆንኩ ይህን አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

እቤታችን አሁን ያለው ስምምነት ቀላል ነው። ሆዷን ያመማት ቀን ማጀት አትገባም፤ ሕመሙ ከቆመ በኋላም ሁለት ቀን ትቆያለች፤ ደመወዟ አይነካም፤ ምሳውን እኔ ወይም ባለቤቴ እንሠራለን። አንዴ ደርሷል፤ ሦስት ቀን ፓስታ በላን። ለምለም፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ፣ እና ዚንክ መሳቢያ ውስጥ አለ። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው፤ ውኃውን አያሳንሱ፣ ስኳርም አይጨምሩበት። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካዩ እቤት አያቆዩት።

አራተኛው ሳምንት

ጋሼ በቀጠሮው ቀን ወደዚያ ምግብ ቤት ተመለሰ። እህቴም የመጨረሻ ሳምንቷ ነበር። ሳሙናው እርጥብ ነው። ለጥሬ ሥጋ የተለየ መክተፊያ ተገዝቷል፤ ማቀዝቀዣው ከጄኔሬተሩ ጋር ተገናኝቷል። ጋሼ ቅጹ ላይ ጥሩ ጻፈ። ሰላጣ የምትከትፈው ግን ሌላ ልጅ ናት።

ባለቤቷ «በፈቃዷ ነው የለቀቀችው» አለች። ዕቃ የሚያጥበው ልጅ ደግሞ ለእህቴ እንደነገራት ሁለት ቀን አርፋ ስትመለስ ቦታው ተይዞ ቆያት። ክፍያዋን ግን ተሰጥቷታል፤ የሁለቱንም ቀን። ጋሼ ይህን የሚጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ከወጡ በኋላ ሜዳው ላይ ቆሞ ሻዩን ሲቀዳ «ምንም ባልነግርዎት ይሻል ነበር?» አለችው እህቴ። ጋሼ «ሰላጣውን ትበይው ነበር?» አላት። ሌላ አላለም።

እህቴ በልምምድ ሪፖርቷ ላይ የሕመም ዕረፍት ክፍያ የቁጥጥር ቅጹ ውስጥ እንደ ሳሙናና እንደ ውኃ አንድ ጥያቄ ሆኖ እንዲገባ ሐሳብ አቅርባለች። የልጅቷን ስልክ ከዕቃ አጣቢው ተቀብላ ደጋግማ ደውላለች፤ አይሠራም። አሁን በውስጥ ደዌ ክፍል ናት። ተቅማጥ ይዞት የመጣ ታማሚ ካርድ ላይ፣ ከትኩሳትና ከደም ግፊቱ በፊት፣ ሥራው ምን እንደሆነ ትጽፋለች። ወጥ ቤት፣ አስተናጋጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ የምትጠይቃት ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ «ብትቀሪ ይከፈልሻል?»